የሁምቦ ሣጥን አልዘጋ አለ

ደገፉ ምን እንደሚሠራ የሁምቦ ወረዳ ከተማ በሆነችው ተበላ የሚኖሩትን እናቱን ብትጠይቋቸው «ሶዶ መንግሥት ቤት ነው ያለው» ብለው ነገሩን ይቋጩታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቸውም አያውቁት፣ እሱም አስረድቶ አይጨርሰው። መታወቂያው ላይ «የአይሲቲ ባለሙያ» ይላል። ባለሙያ ሲባል ግን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ የሚጠራው እሱ፣ የሒሳብ ክፍሉ ፍላሽ ቫይረስ ሲይዘው የሚጠራው እሱ፣ የኃላፊው ልጅ የፈተና ውጤት በኢንተርኔት ሲለቀቅ የሚጠራው እሱ። አንድ ጊዜማ የስብሰባ አዳራሹ ማይክ ጠፍቶ ጠርተውት፣ ኧረ እኔ ይኼን አልተማርኩም ቢል፣ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ያንተ አይደል እንዴ ብለው ተቀየሙት።

ታዲያ ይኼ ሰው ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጥቶ ቢሮው ጭር ሲል ኢንተርኔቱም ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያኔ ደገፉ በፌስታል የቋጠረውን ምሳውን በአንድ እጁ እየበላ፣ በሌላው ፍሬምዎርክ የሚሉትን የድረ ገጽ መሥሪያ ይማራል። ፍሬምዎርክ ግድግዳና ጣሪያው ቆሞ የሚረከቡት ቤት በሉት፤ በሩን የት እንደምታወጣ፣ መስኮቱ መቼ እንደሚከፈት የምትወስነው አንተ ነህ። አስተማሪ የለው፣ አብሮት የሚማር የለው፤ ሲሳሳት የሚስቅበት እንኳ አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆይቶ አንድ ቀን ራሱን ሲያየው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሆኗል።

ይኼን ያወቁት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ባዳቾ ናቸው። አቶ ባዳቾ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ላይ ብንቀየማቸውም። ከሠራተኛ ልቅሶ አይቀሩም፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ብቻ እጃቸው የገባ ነገር እንዲወጣ አይወዱም። ደገፉን ጠርተው የወላይታ ዞን ወረዳዎች ሁሉ የሚታዩበት ካርታ በኢንተርኔት እንዲሠራላቸው አዘዙት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቀስት አንዱ ወረዳ ላይ ሲያሳርፉት ሣጥን ከፈት ብሎ የወረዳውን ስም፣ ከተማውን፣ የሚመረተውንና ፎቶውን ያሳያል። ቀስቱ ሲነሣ ሣጥኑ ይዘጋል። ደገፉ ደስ አለው፤ መቼም ፕሪንተር ከመፍታት ይሻላል።

የአቶ ባዳቾ ጸሐፊ እትዬ ሰርካለም ሥራው ሲጀመር አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሶዶ ልጅ ናቸው፤ አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ግን ወላይትኛ ሲናገሩ ከደገፉ እኩል የሚቀልዱ። ኮምፒውተሩ ቀስቱ ወረዳው ላይ መሆኑን በምን ያውቃል ብለው ጠየቁት። ደገፉም ነገሩ ቀላል ነው አላቸው፦ ፍሬምዎርኩ ሁለት ወሬ ይነግረኛል፤ አንዱ ቀስቱ ገባ፣ ሌላው ቀስቱ ወጣ። ገባ ሲለኝ ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ ወጣ ሲለኝ እዘጋለሁ። እሳቸውም ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ወጣ ማለቱን ቢረሳስ አሉት። አይረሳም አላቸው። ሣቁና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ፎቶ ላይ ግን ችግር መጣ። ደገፉ ለየወረዳው ስልክ ደውሎ ፎቶ ላኩልኝ አለ። እንልካለን አሉ። እንልካለን ያለ ሰው ደግሞ እንደላከ ቆጥሮ ይረሳል። አንዳንዱ የጽሕፈት ቤቱን በር አንስቶ ላከ፣ አንዳንዱ ምንም። የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ ጉኑኖ ላይ ከድሮ ጽሑፍ ውስጥ ያገኛትን አንዲት ደብዛዛ ፎቶ አስገባ። የሁምቦ ግን ሌላ ነው። ተበላ እናቱ ጋ በሄደ ቁጥር በስልኩ ያነሳው ነበረው፤ የገበያ ቀን፣ በቆሎው፣ ጋሪው፣ ልጅ ሳለ ራቁቱን የነበረ አሁን ግን ዛፍ የለበሰ ተራራ። ያን ተራራ ከአራት አቅጣጫ አንስቶታል። የትኛውን ልተው ብሎ አንጀቱ አልቆርጥ ቢለው ሁሉንም አስገባቸው። ማን ይቆጥራል ብሎ ነው።

በዚህ መሐል ከአዲስ አበባ ተደወለ። ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት፣ በኢንተርኔት የላከላቸውን ሥራ አይተው፣ ፈትነውት፣ ና አሉት። ደሞዙን ተዉት፤ አዲስ አበባ እጮኛው ቤቴል አለች። ቤቴል ነርስ ናት፣ እዚያ ሆስፒታል ተመድባ ከሄደች ቆይታለች። ሶዶ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ፊት ቀለበት ካሰሩ ጀምሮ የሚገናኙት በስልክና በበዓል ብቻ ነው። ድርጅቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ከነበርክበት መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ይዘህ ና፣ እስከ ገና እንጠብቅሃለን። መልቀቂያ ማለት ደግሞ የአቶ ባዳቾ ፊርማ ነው።

ደገፉ ገብቶ ጠየቃቸው። አቶ ባዳቾ አልተቆጡም። ወንበር ስጡት አሉ፣ ሻይ አዘዙለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኑሮ እንዴት ውድ እንደሆነ በሰፊው ነገሩት። ከዚያ እንዲህ አሉት፦

«የወረዳ እንግዶች ሲመጡ ካርታውን አሳይልኝ። በማግሥቱ እፈርምልሃለሁ።»

ደገፉ ለቤቴል ደወለና አለቀ አላት። የሞባይል ኢንተርኔት በጠፋበት በዚያ ሰሞን ፎቶ መላላክ እንኳ ስለማይቻል በቃል ብቻ ነው የሚያወሩት፤ የትኛው ሰፈር ቤት እንከራይ እስኪሉ ድረስ አወሩ።

ዘመኑ የጥልቅ ተሃድሶው ዘመን፣ 2009 ዓ.ም. መሆኑን አትርሱ። የመንግሥት ሠራተኛ በየአዳራሹ እየተሰበሰበ ይገመገም ነበር። ሰው ከአዳራሽ ወጥቶ ሌላ አዳራሽ ይገባል፤ የተናገረውም፣ ዝም ያለውም ይጠየቃል። ሣቅ እንኳ ማን ላይ ተሣቀ ተብሎ ይመረመራል። እንግዶቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው።

ፕሮጀክተሩ በራ፣ ካርታው ግድግዳው ላይ ወጣ፣ አዳራሹ አጉረመረመ። አሁን የአቶ ባዳቾን ልማድ ልንገራችሁ። ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ማውስ ነክተው አያውቁም። ማውሱን የሚይዙት እትዬ ሰርካለም ናቸው፤ ኃላፊው ከኋላ ቆመው በጣታቸው እያመለከቱ «ዝቅ በይ፣ እሱን ክፈችው» ይላሉ። ደገፉም ሥራውን ሲፈትን የኖረው በእትዬ ሰርካለም እጅ ነው። የእሳቸው እጅ ደግሞ የተረጋጋ ነው፤ አንዱ ወረዳ ላይ ያርፋሉ፣ ያነቡታል፣ ቀስ ብለው ያልፋሉ። በዚያ ቀን ግን የሰው ዓይን በዝቶ አቶ ባዳቾ ማውሱን ራሳቸው ያዙት። ጨብጠው ያዙት ብል ይሻላል። ከሶዶ ተነሥተው ሽው ብለው ወደ ታች ሁምቦ ወረዱ፣ ሽው ብለው ተመለሱ።

የሁምቦ ሣጥን ተከፈተ። አልተዘጋም።

ቀስቱ ዳሞት ጋሌ ሄደ፣ የዚያኛው ሣጥን ተከፍቶ ተዘጋ። የሁምቦ ግን ተገትሮ ቀረ። ሁምቦ ከካርታው ግርጌ ስለሆነ ሣጥኑ የሚከፈተው ወደ ላይ ነው፤ ከነተራራው፣ ከነገበያው፣ ከነበቆሎው ተዘርግቶ ሶዶን ግማሽ፣ ጉኑኖን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሸፈናቸው። አቶ ባዳቾ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስተው ነቀነቁት። አንዴ ተመልሰው ሁምቦን ነክተውት ቢያልፉ ይዘጋ ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ሁምቦን መንካት አልፈለጉም። ደገፉ ከኋላ ብድግ ሲል በእጃቸው ተቀመጥ አሉት። ከጉኑኖ የመጡት እንግዳ ተነሥተው፣ በትሕትና፣ ጠየቁ፦

«የእኛስ ወረዳ የት ሄደ?»

አዳራሹ ሣቀ። ቀጥሎ ሁሉም መሣቁን አስታወሰና ጸጥ አለ። ደገፉ የዚያን ሣቅ ያህል የሚያስፈራ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ጠዋት ቢሮ ከመከፈቱ በፊት ገብቶ ችግሩን አገኘው። ማግኘቱስ አላስቸገረውም። ቀስቱ ሁምቦ ላይ ሲያርፍ ፎቶዎቹ እስኪመጡ ድረስ፣ ደገፉ የሁምቦን ቅርጽ ከካርታው ላይ አንስቶ በምትኩ «እየመጣ ነው» የሚል ግራጫ ቅርጽ ያስቀምጥ ነበር። ገባ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያው ቅርጽ ነው። እሱ ከተነሣ ወጣ ብሎ የሚናገር ማን ይቀራል? ቀስቱ ሄዷል፣ ፍሬምዎርኩ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ያለ ይመስለዋል። በደገፉ ኮምፒውተር ላይ ፎቶዎቹ ከድሮ ተቀምጠው ስለነበር ወዲያው ይመጣሉ፣ ግራጫው ቅርጽ ፈጽሞ አይታይም። በአቶ ባዳቾ ላፕቶፕ ግን ያን ዕለት መጀመሪያቸው ነው፤ ኢንተርኔቱ ይጎተታል፣ ፎቶው ይበዛል፣ እጃቸውም ይቸኩላል። የሌሎቹ ወረዳዎች ፎቶ ቢበዛ አንድ አንድ ስለሆነ ከካርታው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የተያዘው ሁምቦ ብቻ ነው።

አስተካከለው። ቅርጹ ከቦታው እንዳይነሣ አደረገ፤ ቀስቱ ካርታውን ለቅቆ ሲወጣም የተከፈተው ሁሉ እንዲዘጋ ጨመረበት። እትዬ ሰርካለምን ጠርቶ እስቲ እንደ አቶ ባዳቾ ሽው ያድርጉት አላቸው። እሳቸውም ጨብጠው ሽው አደረጉት፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የመልቀቂያ ማመልከቻውን ይዞ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

አቶ ባዳቾ ማመልከቻውን ተቀብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማስተካከልህ ጥሩ ነው» አሉት። «ነገሩ ግን አሁን የኮምፒውተር አይደለም።» ከጉኑኖ የመጡት እንግዳ ምንም አላሉም ነበር፤ ጠይቀው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ተሰናብተው ሄደዋል። ያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ አይነገርም፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚያነሣው ሰው ስም ኖሮት አያውቅም። የተበላ ልጅ የተበላን ወረዳ ከፍቶ የሌላውን ሸፈነ ተባለ። ጉዳዩ ወደ ግምገማው መድረክ ሄዷል። አቶ ባዳቾ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ አባት መከሩት፦ ተነሥተህ ግለ ሂስህን አድርግ፣ አጥፍቻለሁ በል፣ እዚያው ያልቃል፣ እኔም እፈርማለሁ። ካላልክ ግን ክርክር ይከፈታል፤ ክርክር የተከፈተበትን ሰው መልቀቂያ መፈረም እኔንም ያስጠይቀኛል።

ደገፉ ከቢሮው ወጣ። እስቲ አስቡት። አልሸፈንኩም ቢል እውነቱን ነው፣ ግን ይቀራል። ሸፍኛለሁ ቢል ውሸቱን ነው፣ ግን ይሄዳል። የተበላ ቤተ ክርስቲያን ከልጅነቱ ጀምሮ አዎን ያልከው አዎን ይሁን እያለች ያሳደገችው ሰው ነው። ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ሕዝብ ፊት ሊቆም? ለእትዬ ሰርካለም ነገራቸው። እሳቸውም እንባቸው ቀርቦ፣ አንተ ልጅ፣ ቃል አይደል እንዴ፣ ለመናገሩ ምን ይከፈልበታል፣ ተናገረውና እግርህን አንሣ አሉት። ለቤቴል ሲደውልላት ግን ይኼን አልነገራትም። ስሕተቱን አስተካክያለሁ፣ ትንሽ የቀረ ነገር አለ ብቻ አላት።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ከላይ የተላኩ ሰብሳቢ ከፊት ተቀምጠዋል፣ አቶ ባዳቾ ከጎናቸው። ተራው ሲደርስ ደገፉ መጀመሪያ እውነቱን ሞከረ። ስለ ቀስቱ፣ ስለሚገባውና ስለሚወጣው ወሬ፣ ስለተነሣው ቅርጽ አስረዳ። የሰብሳቢው ፊት አልተቀየረም፤ ምንም አልሆነም፣ ይኼ ነው የባሰው። አስጨርሰው ሰሙት፣ ማስታወሻቸውን ዘጉና ጠየቁ፦

«የትውልድ ቦታህ የት ነው?»

«ተበላ።»

«የሁምቦ ፎቶ ስንት ነው? የዳሞት ሶሬስ?»

ፎቶ ጠይቄ አልላኩልኝም ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን አፉ ላይ ቀረ፤ ምክንያቱም ያን ተራራ ከአራት አቅጣጫ ያነሣው እሱ ነው። ጉኑኖ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ሄዶ ቢያነሣ ማን ይከለክለዋል? አልሄደም። ተበላ ግን በየወሩ ሄዷል። ፎቶዎቹ ባይበዙ ኖሮ ደግሞ ሣጥኑ አይያዝም ነበር። ደገፉ እዚያ ቆሞ፣ ውሸት ነው ብሎ የፈራው ነገር ውስጥ እውነት የምትመስል ስንጥር አገኘ፤ የሚያመልጥበት ቀዳዳ መስሎት ተንጠላጠለባት።

ግለ ሂሱን አደረገ። አካባቢዬን አስቀድሜያለሁ አለ። የሌላውን ወረዳ ስሜት አላሰብኩም አለ። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ይወርዳል፤ ከእሱ በፊት የተናገሩትን ሲሰማ ስለሰነበተ ቃላቱ አጠገቡ ነበሩ። ሲጨርስ ራሱን ጠላው። ግን አለቀ ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ገና ሳይደርስ ይወጣል፣ ከቤቴል ጋር ቤት ይፈልጋሉ፣ የሆነውን ሁሉ ሰፍረው ሲገቡ ይነግራታል።

ሰብሳቢው ደስ አላቸው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥራት ያለው ግለ ሂስ አልሰማንም አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ያኔ አቶ ባዳቾ ተነሡ። ፊታቸው በርቷል፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ሰውዬው ከልባቸው ኮርተውበት ነበር። ይኼ ልጅ ሊለቅ አመልክቶ ነበር አሉ። እንዲህ ራሱን ያየ ሰው ግን ለሌላው ሠራተኛ ትምህርት ነው፤ የተናገረውን በተግባር የሚያሳይበት ዕድል ልንነፍገው አይገባም አሉ። የሁሉም ወረዳ ፎቶ እኩል እስኪሟላ ድረስ፣ መሻሻሉም በሚቀጥለው ግምገማ እስኪታይ ድረስ በመካከላችን እንዲቆይ ሐሳብ አቀርባለሁ ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው የምትደግፉ አሉ።

እጅ ወጣ። የሒሳብ ክፍሉ እጅ ወጣ፣ የመዝገብ ቤቱ እጅ ወጣ፣ እትዬ ሰርካለም አንገታቸውን ደፍተው የእሳቸውም ወጣ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን በአዳራሹ አዙረው አዙረው ደገፉ ላይ አሳረፉት። አሁን በገዛ አፉ ጥፋቴን ላርም ያለ ሰው፣ አርም ሲባል እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ምን ይባላል? የተናገረው ሁሉ ለይምሰል ነበር ይባላል። እንደገና ይጀመራል። ደገፉ ቀኝ እጁን ሲያየው ከጆሮው በላይ ደርሷል።

በሙሉ ድምፅ ተብሎ ተመዘገበ።

ማታውን ቤቴል ደወለች። እሱ መናኸሪያው አጠገብ የባጃጅ ጩኸት በሌለበት አጥር ሥር ቆሞ ነበር። የአዲስ አበባ መኪኖች የነገ ተሳፋሪ ይመዘግባሉ።

«ፈረሙልህ?» አለችው።

«አልፈረሙም።»

«ስሕተቱን አስተካክያለሁ አላልከኝም?»

«ካርታውን አስተካክያለሁ። ሣጥኑ አሁን ይዘጋል።»

«ታዲያ ማነው የከለከለህ? ኃላፊው ናቸው?»

አቶ ባዳቾ ናቸው ቢላት ትቀየማቸዋለች፣ ሽማግሌ ልላክ ትላለች፣ ቢያንስ የሚለመን ሰው ይኖራል። ግን ቀን የዋሸው ይበቃው ነበር።

«በድምፅ ነው የተወሰነው» አላት። «እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

ለምን አላለችውም። ራት በልተህ ግባ በቃ፣ ነገ እደውላለሁ አለችው። እሱም እሺ አለ።